እላያችን የሚያልፈው

የዋግ ሰው ሰማይን የሚያየው ለዝናብ ነው፡፡ በተለይ የእኛ የአበርገሌ ሰው፡፡ አገሩ ቆላ ነው፤ ከሰቆጣ ደጋ ቁልቁል ወደ ተከዜ ሲወረድ ሙቀቱ እየጨመረ፣ ዛፉ እየሳሳ፣ ፍየሉ እየበዛ ይሄዳል፡፡ (የአበርገሌ ፍየል በእንስሳት ሳይንስ መጻሕፍት ውስጥ በራሱ ስም የተመዘገበ ዝርያ መሆኑን ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስሰማ የተሰማኝን ኩራት እስከ ዛሬ አልረሳውም፡፡) ሰኔ ገብቶ ደመናው ሲዘገይ አዛውንቱ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው ወደ ላይ ያንጋጥጣሉ፡፡ እኛ ልጆች ግን የምናንጋጥጠው ለሌላ ነገር ነበር፤ አልፎ አልፎ ሰማዩን ሰንጥቆ ለሚያልፈው ነጭ መስመር፡፡ ጫፉ ላይ ከስንዴ ቅንጣት የማትበልጥ ብልጭታ አለች፡፡ ድምፁ የሚደርሰን ብልጭታዋ ካለፈች በኋላ ነው፡፡ በውስጧ ሰው ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል ብሎ ያመነ ከመካከላችን ማንም አልነበረም፡፡

ካርታ ዘርግቶ ለሚያይ የአገራችን አቀማመጥ አንድ ነገር ይነግረዋል፡፡ አዲስ አበባ፣ ላሊበላ፣ ሰቆጣ፣ አስመራ፣ ከቀይ ባሕር ማዶ ደግሞ ጅዳ፤ ሁሉም ከ39ኛው የምሥራቅ ኬንትሮስ ብዙም ሳይርቁ በአንድ ክር ላይ እንደተሰካ ጨሌ ተደርድረዋል፡፡ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ነበር፡፡ በካርታ ላይ ከአዲስ አበባ አስመራ ድረስ ማስመሪያ አስቀምጦ መስመር ለሚያሰምር ሰው እርሳሱ በዋግ ላይ ያልፋል፡፡ ሐምሌ 11 ቀን 2010 ዓ.ም. ከ20 ዓመት ዝምታ በኋላ ያ መስመር ዳግመኛ ሲከፈት በአውሮፕላኑ ውስጥ የተለቀሰውን ልቅሶ በቴሌቪዥን አይተናል፡፡ ነሐሴ 28 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ አየር መንገዱ የአስመራ በረራውን አቆመ፡፡ እንግዲህ ለእኛ ፖለቲካም ቢሆን አንዳንዴ ከላይ ወደ ታች ነው የሚነበበው፡፡

አውሮፕላኖችን በኮምፒውተር ካርታ ላይ ሲንቀሳቀሱ መጀመሪያ ያየሁት ባሕር ዳር ተማሪ ሳለሁ፣ በደቂቃ ሳንቲም እየተቆጠረበት በሚገባ ኢንተርኔት ቤት ውስጥ ነው፡፡ የቤቱ ባለቤት ፍላይትራዳር24 የሚባለውን ገጽ ከፍቶ ትቶት ነበር፡፡ አውሮፓ በቢጫ አውሮፕላኖች ተሸፍናለች፤ አንበጣ የሰፈረባት ማሳ ትመስላለች፡፡ አፍሪካ ባዶ ናት፡፡ «ወይኔ፣ እኛ ጋ የሚበር የለም ማለት ነው?» አልሁት፡፡ «አለ፤ የሚሰማው ነው የሌለው» አለኝ፡፡ ይህችን አባባል ለመረዳት ዓመታት ወስዶብኛል፤ ዛሬ ሥራዬ ባንክ ቤት ገንዘብ መቁጠር፣ ትርፍ ጊዜዬ ግጥም መቁጠር ሆኖ ሳለ አሁንም ከአእምሮዬ አልወጣችም፡፡

ነገሩ እንዲህ ነው፡፡ ዘመናዊ አውሮፕላን ያለበትን ቦታ ከጂፒኤስ ሳተላይቶች ያሰላል፡፡ ያሰላውንም ለራሱ ብቻ አይዘውም፤ ስሙን፣ ከፍታውን፣ ፍጥነቱን እየጨመረ በ1090 ሜጋኸርትዝ ሞገድ በየሰከንዱ ያውጃል፡፡ አዋጁ ምስጢር የለውም፡፡ አነስተኛ አንቴናና ርካሽ መቀበያ ያለው ማንኛውም ሰው ከቤቱ ጣሪያ ላይ ሆኖ ሊሰማው ይችላል፡፡ በ1998 ዓ.ም. አካባቢ ሁለት ስዊድናውያን የአውሮፕላን ወዳጆች እነዚህን ጆሮዎች በኢንተርኔት ማገናኘት ጀመሩ፤ ከሦስት ዓመት ገደማ በኋላ ደግሞ መቀበያ ያለው ሁሉ የሰማውን እንዲያዋጣ በሩን ከፈቱ፡፡ በየሰዉ ጣሪያ ላይ በቆመ ሽቦ ከተለቀመ ድምፅ፣ እንደ ዕቁብ በመዋጮ የተሠራ ካርታ ማለት ነው፡፡

ይሁን እንጂ ይህ ሞገድ ቀጥታ የሚሄድ ነው፤ ተራራ አይዞርም፡፡ ከፍ ብሎ የሚበር አውሮፕላን ጥሩ ቦታ ላይ ለቆመ አንቴና እስከ 400 ኪሎ ሜትር ድረስ ይሰማል፤ ዝቅ ካለ ግን ጋራው ይውጠዋል፡፡ ጆሮ በሌለበት አገር ላይ ሲደርስ ካርታው አውሮፕላኑን ወዲያው አያጠፋውም፡፡ የመጨረሻ ፍጥነቱንና አቅጣጫውን፣ የሚሄድበትንም ከተማ ይዞ «አሁን እዚህ ሳይደርስ አይቀርም» እያለ ይስለዋል፡፡ አውሮፕላኑ በስክሪኑ ላይ እንደ ቀድሞው ይንሸራተታል፡፡ ልብ ብሎ የማያይ ሰው የተሰማውንና የተገመተውን አይለይም፡፡

እኔ የባንክ ሰው ነኝና ይህ ነገር አይጠፋኝም፡፡ በመስኮት በኩል ቆሞ ቀሪ ሂሳቡን ለሚጠይቀኝ ገበሬ የምነግረው ቁጥር ማሽኑ ለመጨረሻ ጊዜ ከዋናው መዝገብ ጋር በተነጋገረበት ቅጽበት የነበረውን ነው፡፡ መስመሩ ሲቋረጥ እኛ በግልጽ «ሲስተም የለም» እንላለን፡፡ ሕዝቡ ይህን ቃል ስንት ጊዜ ረግሞታል! እኔ ግን እያደር አከብረው ጀምሬያለሁ፤ ቢያንስ ገምቶ ገንዘብ የሚከፍል የለም፡፡

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. እሑድ ነበር፡፡ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 302፣ ቦይንግ 737 ማክስ 8 አውሮፕላን፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ላይ ከቦሌ ወደ ናይሮቢ ተነሣ፤ ስድስት ደቂቃ ያህል ከበረረ በኋላ በቢሾፍቱ አቅጣጫ፣ በጊምቢቹ ወረዳ፣ ቱሉ ፈራ በተባለ ስፍራ ወደቀ፡፡ 157 ሰው አለቀ፡፡ በዚያው ቀን፣ የአውሮፕላኑ መረጃ መቅጃ ሳጥን ከጉድጓዱ ሳይወጣ፣ ፍላይትራዳር24 መቀበያዎቹ የሰሙትን አወጣ፡፡ የሰሙት ሦስት ደቂቃ ያህል ብቻ ነበር፡፡ በዚያች ሦስት ደቂቃ ግን አውሮፕላኑ የሚወጣና የሚወርድበት ፍጥነት ሲዋዥቅ ይታያል፡፡ ከዚያ ወዲያ ያለውን ከምድር የሰማ ጆሮ አልነበረም፡፡

ከሰማይ የሰማ ግን ነበር፡፡ ከዚያ አደጋ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ኤሪየን የተባለ ድርጅት በ66 የኢሪዲየም ሳተላይቶች ላይ የጫናቸው መቀበያዎች ተራራም ባሕርም ሳይከለክላቸው ይህንኑ አዋጅ ከላይ ሆነው ማድመጥ ጀምረው ነበር፡፡ እነርሱ የሰሙት ከምድሩ የበለጠ ነበር፡፡ በዚያ ሰሞን ዓለም ለሁለት ተከፍሎ ነበር፡፡ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ማክሶቹን በዚያው ቀን አሳረፈ፤ ቻይና በማግሥቱ ከለከለች፤ አሜሪካ ግን «ማስረጃ የለም» ብላ ቆየች፡፡ ጣታቸውን ወደ አብራሪዎቹ ለመቀሰር የቸኮሉም አልጠፉም፡፡ መጋቢት 4 ቀን የካናዳው የትራንስፖርት ሚኒስትር ማርክ ጋርኖ (የቀድሞ ጠፈርተኛ ነበሩ) በጋዜጠኞች ፊት ቀርበው የሳተላይቱ መረጃ የእኛን በረራ አካሄድ ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም. 189 ሰው ይዞ ጃቫ ባሕር ውስጥ ከገባው ከኢንዶኔዥያው ላየን ኤር በረራ ጋር የሚያመሳስለው ነገር እንዳለ ተናገሩ፤ አውሮፕላኑንም ከሰማያቸው ከለከሉ፡፡ አሜሪካም በዚያው ቀን ተከተለች፡፡

እኔ ያን ሳምንት ያሳለፍኩት ከሥራ በኋላ ሁለቱን መስመሮች ጎን ለጎን እያየሁ ነው፡፡ የሚወጣ፣ የሚወርድ፣ ደግሞ የሚወጣ፡፡ የሰው እጅ መሪውን ወደ ላይ ሲስብ፣ ማሽኑ አፍንጫውን ወደ ታች ሲደፋ፤ ቆይቶ የወጣው የምርመራ ሪፖርት በቃላት የጻፈውን መስመሩ አስቀድሞ ስሎት ነበር፡፡ መጋቢት 26 ቀን የመጀመሪያው ሪፖርት ሲወጣ የትራንስፖርት ሚኒስትሯ ዳግማዊት ሞገስ አብራሪዎቹ አምራቹ ያዘዘውን ሥርዓት ደጋግመው መፈጸማቸውን ተናገሩ፡፡ ዋና አብራሪው ያሬድ ጌታቸውና ረዳቱ አህመድኑር መሐመድ አፍ አውጥተው የሚከራከሩበት ዕድል አልነበራቸውም፡፡ ቀድሞ የተከራከረላቸው አውሮፕላኑ ራሱ በየሰከንዱ ያወጀው ቁጥር ነው፡፡

ቁጥር ግን የማንም ዘመድ አይደለም፤ ይህንንም መናገር ይገባል፡፡ ነሐሴ 9 ቀን 2014 ዓ.ም. ከካርቱም ወደ አዲስ አበባ የመጣ የራሳችን አውሮፕላን በ37 ሺህ ጫማ ከፍታ ላይ እንዳለ፣ መውረድ ሳይጀምር፣ ማኮብኮቢያውን አልፎ ሲሄድ ያሳየው ይኸው ዓይነት መረጃ ነው፡፡ አብራሪዎቹ እንቅልፍ ወስዷቸው እንደነበር ተዘገበ፤ አየር መንገዱም ከበረራ አግዶ ምርመራ እንደጀመረ ገለጸ፡፡ አውሮፕላኑ ዞሮ በሰላም አረፈ፡፡ በየካቲት 10 ቀን 2006 ዓ.ም. ሌሊት ወደ ሮም የተነሣው በረራ 702 በረዳት አብራሪው ተጠልፎ ጄኔቭ ላይ ሲዞር፣ ዙሩን በየቤታቸው ሆነው በስክሪን ያዩ ሰዎች ነበሩ፡፡ ተሳፋሪዎቹ ራሳቸው የት እንዳሉ ሳያውቁ፣ በፒጃማ የተቀመጠ ባዕድ ያውቅ ነበር ማለት ነው፡፡

እንግዲህ በዚህ ሁሉ የተደነቀ ሰው አንድ ጥያቄ ይመጣበታል፤ ለእኔም መጥቶብኛል፡፡ ዛሬ የትንንሽ አውሮፕላን አብራሪዎች በጉልበታቸው ላይ ታብሌት አስረው፣ በአሰሳ መተግበሪያ ካርታ እያዩ ይበርራሉ፡፡ በኢንተርኔት የሚመጣውን የሌሎች አውሮፕላኖች ቦታ በዚያው ካርታ ላይ ቢያዩትና እየተላለፉ ቢሄዱ ምን አለበት? መልሱን ሳገኘው ገረመኝ፤ ከእኛ መስኮት ብዙም የራቀ አይደለምና፡፡

አንድ ጄት በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ቢበርር በሰከንድ 250 ሜትር ይሄዳል፡፡ አዋጁ ከአንድ ጣሪያ ላይ ተለቅሞ፣ በባሕር ማዶ ማሽን ተደርድሮ፣ ተመልሶ ወደ አብራሪው ስልክ እስኪደርስ አሥር ሰከንድ ቢዘገይ፣ ካርታው የሚያሳየው አውሮፕላን ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል አልፎ ሄዷል፡፡ ሁለቱ ፊት ለፊት የሚመጡ ከሆነ ደግሞ ዕጥፍ ነው፡፡ በየጊዜው የሚቆራረጠው የእኛ የሞባይል ኔትወርክ ሲታሰብ አሥር ሰከንድ ቸርነት ነው፡፡ ትልልቆቹ አውሮፕላኖች ግጭትን የሚሸሹት በሌላ መንገድ ነው፤ ቲካስ የሚሉት መሣሪያ ያለ ኢንተርኔት፣ ያለ አማላጅ፣ አንዱ አውሮፕላን ሌላውን በቀጥታ እየጠየቀ «አንተ ውጣ፣ አንተ ውረድ» ይላል፡፡ በኢንተርኔት የሚመጣው ካርታ ሰማዩ በጠቅላላው ምን እንደሚመስል ለማወቅ ይጠቅማል፤ ከመነሣት በፊት ለማሰብም ይጠቅማል፡፡ አየር ላይ ሆኖ ሌላውን ለመሸሽ በእርሱ የሚተማመን ግን በትናንት ደረሰኝ የዛሬን ገንዘብ እንደሚያወጣ ነው፡፡

ከመዘግየቱም የሚብሰው ዝም የሚለው ነው፡፡ ካርታው የሚያውቀው የተናገረውን ብቻ ነውና፣ መሣሪያ የሌለው ወይም አውቆ ያጠፋው አውሮፕላን በዚያ ስክሪን ላይ የለም፡፡ በሰሜኑ ጦርነት ዘመን ይህን በዓይናችን አይተነዋል፡፡ በኅዳር 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ሰማይ ለሲቪል በረራ ተዘግቶ ነበር፡፡ የአበርገሌ ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቅሎ ወደ ሰቆጣ በመጣበት፣ መብራትም ስልክም ለብዙ ወራት በጠፋበት በዚያ ክፉ ጊዜ፣ ኢንተርኔት ያለበት አገር ተቀምጦ ካርታውን የሚከፍት ሰው በዋግ ላይ ንጹሕ ባዶ ሰማይ ያይ ነበር፡፡ የእኛ ልጆች ግን ድምፅ በሰሙ ቁጥር ወደ ቤት ይሮጡ ነበር፡፡ ነጭ መስመር አይተን እጃችንን ያወዛወዝንበት ሰማይ ነው ይኸው፡፡

የተናገረውም ቢሆን የሚናገረው ስለ ራሱ የሚያምነውን ነው፡፡ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በምሥራቅ ሜዲትራኒያን ላይ የሐሰት የጂፒኤስ ሞገድ እየተለቀቀ፣ ባሕር ላይ የሚበርሩ አውሮፕላኖች ቤሩት አውሮፕላን ማረፊያ ላይ እንዳሉ አድርገው ራሳቸውን ያወጁበት ጊዜ ነበር፡፡ ዋሽተው አይደለም፤ ተታልለው ነው፡፡ ካርታውም በታማኝነት ቤሩት ላይ ሳላቸው፡፡

አሁን ስለ እህቴ ልናገር፡፡ ይህን ሁሉ እንዳነብ፣ ሌሊት ሌሊት ስለ ሞገድና ስለ ሰከንድ እንድጨነቅ ያደረገችኝ እርሷ ናት፡፡ ታናሼ ናት፡፡ ለቤት ሠራተኝነት ወደ ጅዳ የሄደች ዕለት እናቴ ከአበርገሌ መጥታ ሰቆጣ እኔ ዘንድ ነበረች፡፡ አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ለመሸኘት ገንዘቡም አልነበረንም፣ መንገዱም አያስተማምንም ነበር፡፡ በረራው የማታ ነው፡፡ እህቴ ከመግባቷ በፊት የበረራውን ቁጥር በስልክ ላከችልኝ፡፡ እኔም ካርታውን ከፍቼ እናቴ ፊት ተቀመጥሁ፡፡

ከቦሌ ሲነሣ አየነው፡፡ እናቴ ጣቷን ቢጫዋ አውሮፕላን ላይ ልታሳርፍ ትልና እንዳትጎዳት እንደምትፈራ ሁሉ ትመልሰዋለች፡፡

«አሁን የት ደረሰች?»

«ሸዋን አልፋለች፤ ወደ ወሎ እየገባች ነው፡፡»

«ወደ እኛ ናት?»

«ወደ እኛ ናት፡፡»

ከአዲስ አበባ እስከ ሰቆጣ በቀጥታ መስመር 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ለጄት ግማሽ ሰዓት ገደማ፡፡ ለእናቴ ግን በአውቶቡስ ሁለት ቀን ነው፤ ለዚህ ነው በየደቂቃው የምትጠይቀኝ፡፡ ከወሎ ተራሮች ወዲህ ሲሆን ግን የፈራሁት መጣ፤ ምልክቱ ተቋርጦ ካርታው መገመት ጀመረ፡፡ አውሮፕላኑ አሁንም ይንቀሳቀሳል፡፡ ዝም ብዬ «እየመጣች ነው» ማለት እችል ነበር፡፡ ነገር ግን እናቴን በስክሪን መሸንገል አልሆነልኝም፡፡

«እማዬ፣ ከዚህ በኋላ ያለው ግምት ነው፤ አሁን የሚሰማት የለም» አልኋት፡፡

«ማነው የሚገምተው?»

«ኮምፒውተሩ፡፡»

«እሱ ደግሞ ምን ያውቃታል?» አለችና ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ውጭ ወጣች፡፡

ተከተልኋት፡፡ ሰማዩ ጠርቶ ነበር፡፡ ብዙ ቆየን፡፡ በመጨረሻ ከደቡብ ብልጭ ድርግም የምትል ቀይ ብርሃን ታየች፤ ከኋላዋ ያ የልጅነት ድምፅ እየተጎተተ መጣ፡፡ እጄ ላይ ያለው ስልክ በዚያች ደቂቃ አውሮፕላኑን ላሊበላ አካባቢ ነው የሚያሳየው፡፡ የሌላ በረራ ሊሆን ይችላል፤ ግምቱም የዘገየ ሊሆን ይችላል፡፡ ስልኩን ኪሴ ከተትሁት፡፡ እናቴ ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘርግታ በኽምጣና መረቀቻት፤ ብርሃኗ ወደ አበርገሌ በኩል ከጋራው ጀርባ እስክትጠልቅ ድረስም ምርቃቷን አላቋረጠችም፡፡ ያን ሌሊት የጫርኳት ይህች ናት፤

በቢጫ ነጥብ ላይ ዐይኔን ተክዬ፣
ስንት ጋራ ተሻገርሁ እዚሁ ውዬ፤
ነጥቡ ተሰወረ ከጋራው ማዶ፣
ልቤ ብቻ ቀረ መንገዱን ለምዶ፡፡

ከአምስት ቀን በኋላ እህቴ ደወለች፡፡ መጀመሪያ ያልኋት ስለ ደመወዟም ስለ አሠሪዎቿም አይደለም፤ «እላያችን ስታልፊ ቁልቁል አይተሽ ነበር?» ነው፡፡ ሳቀች፡፡ የተቀመጠችው መሀል ወንበር ላይ ነበር፤ መስኮቱ አጠገብ ያለችው ሴት መጋረጃውን አውርዳ ተኝታለች፡፡ «እናንተ ግን አያችሁኝ?» አለችኝ፡፡ ስልኩን ለእናቴ አቀበልኋት፡፡

ከዚያ ወዲህ አንድ ሐሳብ ይዞኛል፡፡ ሽፋን በሌለበት አገር ለሚኖር ሰው እነዚህ የካርታ ድርጅቶች መቀበያውን በነጻ ይልካሉ፤ የሚፈልጉት ከፍ ያለ ግልጽ ቦታ፣ የማይቋረጥ መብራትና ኢንተርኔት ነው፡፡ ከፍታውን ሰቆጣ ሞልቶ ተርፎታል፡፡ የቀሩትን ሁለቱን በተመለከተ፣ በእኛ ቅርንጫፍ በር ላይ ተለጥፎ የሚውለውን የይቅርታ ማስታወቂያ ያነበበ ሁሉ ያውቃል፡፡ ቢሆንም በአነስተኛ ሶላርና በባትሪ ስንት ሰዓት እንደሚሠራ አስልቻለሁ፤ አንቴናው የሚቆምበትንም የጣሪያ ጥግ መርጫለሁ፤ ሰሜኑና ደቡቡ ሁለቱም የሚከፈቱበት ነው፡፡ ባለፈው ፋሲካ እናቴ ስትመጣ ቦታውን አሳየኋት፡፡ ጥግዋን አይታ፣ ጣሪያውን አይታ፣

«ስትመለስም ይሰማታል?» አለችኝ፡፡

በሁለቱም አቅጣጫ እንደሚሰማ ነገርኋት፡፡